ዋልካ ማንን ይይዛል? በሃይላንድና በጂቪ የሚሠራ የቤት ሙከራ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤት ሲያስመርግ ጭቃው በዕለቱ ግድግዳ ላይ አይወጣም ነበር። አፈሩ ይቆፈራል፣ የጤፍ ጭድ ይበተንበታል፣ ውሃ ይገባበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ይተዋል። በማግስቱ እንደገና ይረገጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። አባቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ቆንጠር ያደርግና ያሸዋል። ጭቃው እንደ ሊጥ ሲሳብለት "አሁን ደረሰ" ይላል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ይረግፋል። የቦካው ግን ከግድግዳው ጋር ዓመታት ይቆያል።

ምክንያቱ የገባኝ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጭዱ ሲበሰብስ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሙጫ የመሰሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ያወጣሉ። እነዚህ ሞለኪውሎች የአፈሩን ደቃቅ ቅንጣቶች እየጠመጠሙ ያያይዟቸዋል። ደቃቆቹ ቅንጣቶች የሸክላ ማዕድን ይባላሉ። ሙጫው ኦርጋኒክ ውህድ ነው፤ ማለትም በካርቦን ላይ የተገነባ ውህድ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ብስባሽ፣ የጨርቅ ቀለም፣ ፀረ አረም ሁሉ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይገባሉ።

ብዙ ሰው ጭቃ ያገኘውን ሁሉ ይዞ የሚያስቀር ይመስለዋል። አይደለም። ሸክላ ይመርጣል። አንዱን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላውን አጠገቡ ሳያስደርስ ይመልሳል። ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከማሳ የሚታጠበው ነገር አንዳንዱ በደለል ላይ ተጭኖ፣ አንዳንዱ በውሃው ሟሙቶ ሐይቁ ይገባል። የትኛው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው።

የሚቀጥለውን ሙከራ ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ መጠበቅ ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ አራት አምስት፣ ጥቂት ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች፣ አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች፣ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ነጭ ሶፍት፣ ጓንት። ከፋርማሲ 1 ፐርሰንት ጂቪ ግዙ፤ ያ ቁስል ላይ የሚቀባው ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ከሱቅ ሰማያዊ ወይም ቢጫ የኬክ ቀለም፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨውና የፀጉር ኮንዲሽነር። ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ጀሶ።

ስለ ጂቪ አንድ ነገር ልበል። ቁስል ላይ ስለሚቀባ ብቻ እንደ ውሃ አትመልከቱት። እጅና ልብስ ላይ አይለቅም፣ ለዓሣ መርዝ ነው፣ መጠጣትም የለበትም። ጓንት አድርጉ፤ ልጆች ካሉ ጠርሙሱን ራሳችሁ ያዙ።

1ኛ ደረጃ፦ አፈር ማምጣት

ሁለት ዓይነት አፈር እንፈልጋለን፤ ጥቁር ዋልካና ቀይ አፈር። ባሕር ዳር ያለ ሰው ለሁለቱም ሩቅ አይሄድም። ወደ ወረታ ስትሄዱ የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። ወደ መራዊ ስትሄዱ ቀዩን ታገኛላችሁ። ባለ መሬቱን አስፈቅዳችሁ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ ውሰዱ። ለማነጻጸሪያ አንድ ኩባያ የግንባታ አሸዋ ጨምሩና ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ እጠቡት።

የላይኛውን አፈር አትውሰዱ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ከሥር አውጡ። የላይኛው አፈር ሸክላ ቀድሞውንም በብስባሽ ተይዟል። እኛ የምንፈልገው ገና ብዙ ቦታ የተረፈውን ነው። ዋልካ ለመለየት ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው። ያኔ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። በክረምት ከሄዳችሁ ከአንድ ኪሎ በላይ ጫማችሁ ይዞ ይመጣል።

2ኛ ደረጃ፦ በእጅ መፈተን

አፈሩን አርጥቡና እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሙልሙል ሥሩ። ሁለቱንም ጥላ ውስጥ አድርቁና ለኩ። ቀዩ ጥቂት ያጥራል። ዋልካው አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሸሽ ይችላል፤ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ይህ ልዩነት በኋላ ለምናየው ሁሉ ቁልፍ ነው። የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር በውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለው።

3ኛ ደረጃ፦ ሸክላውን ከአፈሩ መለየት

አፈር ማለት አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ በአንድ ላይ ነው። ሸክላ የሚባለው ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰው ክፍል ብቻ ነው። በወንፊት አይለይም። የሚለየው በትዕግሥት ነው።

አፈሩን አድርቃችሁ በሙቀጫ ደቁሱ። አንድ እፍኝ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጉ፣ ንጹሕ ውሃ ሙሉበት። ሶዳው ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ይረዳል። የልብስ ሳሙና እንዳትጠቀሙ፤ ሳሙና ራሱ ኦርጋኒክ ውህድ ስለሆነ ሙከራውን ያበላሻል። አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡትና ሳይነቃነቅ አስቀምጡት።

አሸዋው ወዲያው ይወርዳል። ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል። ሸክላው ግን ይንሳፈፋል። ከ0.002 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ቅንጣት ሁሉ ከላይ ካለው 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለመውጣት 8 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ካስቀመጣችሁ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነሡ። የላይኛውን 10 ሴንቲ ሜትር ድፍርስ ውሃ በቱቦ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ሃይላንድ ሳቡ። ሥሩን አትንኩ። ያ የሳባችሁት ድፍርስ ውሃ ሸክላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ጣናን አስቡ። በነሐሴ ጉማራና ርብ የሚያመጡት ቡናማ ውሃ ለምን ቶሎ አይጠራም? አሁን ያገኛችሁትን ስሌት ውሰዱ። በ8 ሰዓት 10 ሴንቲ ሜትር ማለት በቀን 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ባይኖር፣ ጀልባ ባይቀዝፈው እንኳ አንድ ቅንጣት ሥሩ ለመድረስ ወደ 27 ቀን ይፈልጋል። ከ0.002 ያነሰው ከዚያም በላይ ይቆያል። ጣና ላይ ነፋስ የሌለበት ቀን ደግሞ ስንት ነው?

አሁን ድፍርሱ ውሃ ውስጥ በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩና ናጡ። ሸክላው እንደ እርጎ መቋጠር ይጀምራል፣ ቀስ እያለም ይወርዳል። የላዩን ንጹሕ ውሃ ድፉት። አዲስ ውሃ ጨምራችሁ አንዴ ሁለቴ እጠቡት። ውሃው እንደገና አልጠራ ካለ ጨውን አስወግዳችኋል ማለት ነውና አቁሙ። የቀረውን በሰፊ ሳህን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ ደቁሳችሁ "ዋልካ" እና "ቀይ" ብላችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለሁሉም ሙከራ የሚበቃችሁ እንዲሆን ሦስት አራት ሃይላንድ መድገም ያስፈልግ ይሆናል።

ወደ ቀለሙ ከመሄዳችን በፊት፦ ውስጡ ምን ይመስላል?

መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። የዋልካ ዋናው ማዕድን ስሜክታይት ይባላል። በጣም ስስ የሆኑ ንብርብሮች አሉት። እያንዳንዱ ንብርብር ውፍረቱ 1 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ለመሙላት አንድ ሚሊዮን ያህል መደራረብ አለበት። በደንብ እንደበረደ እንጀራ አንዱ ከአንዱ ይላቀቃል። ውሃ መሃሉ ሲገባ ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፣ አፈሩ ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ይጠጋጋሉ፣ መሬቱ ይሰነጠቃል።

በቀይ አፈር ውስጥ በብዛት ያለው ካኦሊናይት ደግሞ ትኩሱን እንደተደራረበ እንጀራ ነው። ንብርብሮቹ ተጣብቀዋል። መሃል የሚገባ ነገር የለም። ሥራው ሁሉ በውጭው ገጽ ላይ ነው።

ይህ በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። አንድ ግራም ስሜክታይት ንብርብሮቹ ሁሉ ቢዘረጉ ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ባለ 200 ካሬ ቦታ አራት ያህል ማለት ነው፤ በአንድ ግራም! ካኦሊናይት ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ካሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቻርጅ ነው፤ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ። ስሜክታይቱ ሲፈጠር በአንዳንድ የአሉሚኒየም ቦታዎች ማግኒዚየም ተተክቷል። ማግኒዚየም የሚይዘው ፖዘቲቭ ቻርጅ በአንድ ያንሳል። ስለዚህ ንብርብሩ በጠቅላላው ኔጌቲቭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማመጣጠን በንብርብሮቹ መሃል ካልሲየም፣ ሶዲየምና ማግኒዚየም ገብተው ይቀመጣሉ። ባለቤቶች ግን አይደሉም፤ ተከራዮች ናቸው። ፖዘቲቭ የሆነ ሌላ እንግዳ ሲመጣ ቦታ ይለቃሉ።

4ኛ ደረጃ፦ ሁለት ቀለም፣ አንድ ሸክላ

በሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉ። በአንዱ 10 ጠብታ ጂቪ ጨምሩ። በሌላው የኬክ ቀለም፣ ድምቀቱ ተቀራራቢ እስኪሆን። በሁለቱም አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ የዋልካ ሸክላ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ናጡ። ቶሎ እንዲጠልል በሁለቱም ሩብ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። እስከ ማግስቱ ተዉት።

ጠዋት ስታዩት የጂቪው ሃይላንድ ውሃው ጠርቷል። ቀለሙ ሁሉ ሥር ከወረደው ሸክላ ጋር ነው፤ ጥቁሩ ሸክላ ራሱ ወይን ጠጅ ሆኗል። የኬክ ቀለሙ ግን እንደነበረ ነው ማለት ይቻላል። ሸክላው ወርዷል፣ ቀለሙ ከላይ ቀርቷል።

ሁለቱም ቀለም ኦርጋኒክ ናቸው። ልዩነቱ ቻርጁ ነው። የጂቪ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ ገብቶ ተከራዮቹን አስወጥቶ ይቀመጣል። በውሃ የሚሟሙት ሰው ሠራሽ የኬክ ቀለሞች ግን በአብዛኛው ኔጌቲቭ ናቸው። ኔጌቲቭ ኔጌቲቭን ይገፋል። ክፍል ውስጥ ይህን ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ሳሳይ ንድፈ ሐሳቡን ያልወደደ ተማሪ እንኳ ከወንበሩ ይነሣል። ሦስተኛ ሃይላንድ በጂቪና በአሸዋ ሥሩ፤ አሸዋ ያን ያህል ቀለም እንደማይይዝ ታያላችሁ።

5ኛ ደረጃ፦ "በቃኝ" እስኪል መቁጠር

ይህ ከሁሉም የምወደው ደረጃ ነው። የመንገድና የሕንፃ ላቦራቶሪዎች ሜቲሊን ብሉ በሚባል ቀለም የሚሠሩት ፈተና የቤት ዘመድ ነው።

አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዋልካ ሸክላ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡ። እያማሰላችሁ በሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በብርጭቆ አድርጉ። ሲሪንጁን አጥባችሁ ጂቪ ሙሉበት። ግማሽ ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ አማስሉ፣ በእንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ አንሥታችሁ ሶፍት ላይ ጣል አድርጉ።

ጠብታውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ የሸክላው ጥቁር ወይን ጠጅ ነጥብ አለ። በዙሪያው ውሃው ሶፍቱን እያራሰ ይሰፋል። ያ እርጥብ ዙሪያ ነጭ ከሆነ ሸክላው ገና አልጠገበም፤ ቀለሙን ሁሉ ይዞታል። እንደገና ግማሽ ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ጣል አድርጉ። የሆነ ቦታ ላይ በነጥቡ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ቀለበት ይታያል። ትርፍ ቀለም ውሃው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት። ቀለበቱ ከቀጠለ ሸክላው "በቃኝ" ብሏል። የጨመራችሁትን መጠን ጻፉ።

በቀዩ ሸክላ ተመሳሳዩን ሥሩ። ቀዩ ቶሎ ይጠግባል። ዋልካው ግን ደጋግሞ ይቀበላል፤ ሲሪንጁን እንደገና መሙላት ሊኖርባችሁ ይችላል። የዋልካውን ቁጥር ለቀዩ ስታካፍሉ የምታገኙት፣ ከላይ በእንጀራው ምሳሌ የነገርኳችሁን ልዩነት በራሳችሁ እጅ ለካችሁት ማለት ነው። ሶፍቶቹን አድርቃችሁ ደብተር ላይ ለጥፏቸው።

6ኛ ደረጃ፦ ቀዩን አትናቁት

እስካሁን ቀይ አፈር ደካማ መስሏል። አሁን ተራው ይመጣል። የኬክ ቀለም በተጨመረበት ሁለት ሃይላንድ ውስጥ አንድ አንድ ማንኪያ ቀይ ሸክላ አድርጉ። በአንዱ ብቻ አራት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ውሃ። ናጡ፣ አሳድሩ። አቼቶ ያለበት ከሌላው ይልቅ ይደበዝዛል።

ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው። የብረት ኦክሳይድ ገጽ አሲድ ሲያገኘው ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ዋልካ የሚገፋውን ኔጌቲቭ ሞለኪውል ቀዩ ይቀበለዋል። ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፌት በቀይ አፈር ላይ እንዲህ አጥብቆ የሚያዘውም በዚሁ በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ገጽ ነው። የመራዊ ገበሬ ማዳበሪያ ጨምሮ "የት ገባ?" ሲል መልሱ አንዱ እዚህ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ የጀሶ ድልድይ

አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ብስባሽም ራሱ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ነው። ታዲያ ዋልካ ላይ እንዴት ተጣብቆ ይኖራል?

የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በውሃ ዘፍዝፋችሁ በጨርቅ አጥልሉ። ደማቅ ሻይ የመሰለ ውሃ ታገኛላችሁ። ይህን በሁለት ሃይላንድ ክፈሉና በሁለቱም እኩል የዋልካ ሸክላ በጥብጡ። በአንዱ ብቻ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጀሶ ጨምሩና ለብዙ ደቂቃ ናጡ። ጀሶ ሲሟሟ ካልሲየም ይለቃል። በማግስቱ ጀሶ ያለበት ጠርሙስ ሸክላው ተቋጥሮ ወርዶ፣ የሻዩም ቀለም ቀለል ብሎ ታገኙታላችሁ። ሌላው ግን ድፍርስ እንደሆነ ይቆያል።

ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። በአንድ እጁ ሸክላውን፣ በሌላ እጁ ብስባሹን ይይዛል። የዋልካ ጥቁረት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥቁር ስለሆነ በብስባሽ የተሞላ ይመስላል እንጂ ያለው ኦርጋኒክ ነገር ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ግን ያ ጥቂቱ ሸክላው ላይ በስሱ ተለብጦ ቅንጣቱን ሁሉ ያጠቁረዋል። ሸክላው ውስጥ የተሸሸገ ብስባሽ ተሕዋስያን በቀላሉ አያገኙትም፤ ለዚህም ነው ረጅም ጊዜ የሚቆየው። ኮምፖስት የምትጠቀሙ ከሆነ መሬቱ ላይ በትናችሁ አትተዉት፤ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት።

8ኛ ደረጃ፦ ዋልካን ውሃ የሚጠላ ማድረግ

ኮንዲሽነር ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ ወይም ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ የሚል ካለ ይሆናል። እነዚህ ሞለኪውሎች ራሳቸው ፖዘቲቭ፣ ጅራታቸው ረጅም የዘይት ጅራት ነው። ፀጉርን የሚያለሰልሱት በዚሁ ነው፤ ራሳቸው ፀጉሩን ይይዛል፣ ጅራታቸው ወደ ውጭ ይቀራል።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮንዲሽነር በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። በሌላ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ የዋልካ ሸክላ በውሃ በጥብጡ። እያማሰላችሁ ሸክላውን ወደ ኮንዲሽነሩ አፍስሱ። ዓይናችሁ እያየ ይቋጠራል፤ አይብ ሲወጣ የሚያደርገውን ያደርጋል። በጨርቅ አጥልሉ፣ በለብ ያለ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ደቁሱ።

አሁን ከዚህ ዱቄት ትንሽ ወረቀት ላይ ዘርጉና ገጹን በማንኪያ ለጥ አድርጉት። ጎኑ ላይ ተራውን ዋልካ እንደዚሁ ዘርጉ። በሁለቱም ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ። ተራው ወዲያው ይጠጣዋል። በኮንዲሽነር የታሸው ላይ ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ጣሉበት፤ ዘይቱን ይጠጣዋል። በፋብሪካ የሚሠራው የዚህ ዓይነት ሸክላ ለቀለም ማወፈሪያና ለነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ ጭቃ ያገለግላል። ኮንዲሽነሩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ቅባቶችም ይህን ውጤት ያግዛሉ፤ ስለዚህ ማጠቡን አትዝለሉት።

9ኛ ደረጃ፦ ዘይት ማንሣት

ዘይት ቻርጅ የለውም። ሸክላ የሚይዘው በገጹና በቅንጣቶቹ መሃል ባለው ቀዳዳ ነው። ድሮ ሱፍ የሚያጥቡ ሰዎች ቅባቱን በሸክላ ያወጡ የነበረው በዚህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ሸክላው ደረቅ መሆን አለበት። ሸክላ ውሃና ዘይት ከቀረቡለት ውሃውን ያስቀድማል። ዘይት የፈሰሰበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ደረቅ የዋልካ ዱቄት በወፍራሙ በትኑ፣ አሳድሩ፣ ጥረጉ።

ነጭ ልብስ ላይ ግን አትሞክሩት። እኔ በእርጥብ ቀይ አፈር የእህቴን ነጠላ ከዘይት ላድን ብዬ የብረቱ ዝገት ቀለም ጥለቱ ላይ ቀርቷል። ከዘይቱ ይልቅ እሱ አልወጣ አለ።

ይህ ሁሉ ማሳ ላይ ምን ማለት ነው?

ከላይ ያየነው ምርጫ የእርሻ ኬሚካልንም ይገዛል። ፓራኳት የሚባለው ፀረ አረም እንደ ጂቪ ፖዘቲቭ ነው፤ አፈር ሲነካ ሸክላው ይውጠዋል። ወደ ውሃ የሚሄድ ከሆነ በአብዛኛው ከደለል ጋር ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም ግን አፈር ውስጥ ኔጌቲቭ ስለሚሆን እንደ ኬክ ቀለሙ ነው። ሸክላ አይዘውም፤ ከረጩት በኋላ ዝናብ ከመጣ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሦስተኛው ፀረ አረም ግላይፎሴት ደግሞ የፎስፌት ዘመድ ነው፤ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ አጥብቆ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ግላይፎሴት የምትረጩ ከሆነ ከቦይ በተቀዳ ድፍርስ ውሃ አትበጥብጡት። ሸክላው ገና በርሜል ውስጥ እያለ መድኃኒቱን ይይዘዋል፣ አረሙም አይሞትም፣ ገንዘባችሁም ይባክናል። ቱ ፎር ዲ ከሆነ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወንዝ ዳር አትርጩ። ሸክላው ይይዘዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። እነዚህን ኬሚካሎች ግን ለቤት ሙከራ አታምጧቸው፤ በተለይ ፓራኳትን። ለተዋጠ ፓራኳት ማርከሻ የለውም።

የመጨረሻው ደረጃ፦ ማስወገድ

ጂቪ የገባበትን ውሃ ሽንት ቤትም ቦይም ውስጥ አትድፉ። የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። የተረፈውን ሁሉ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሰብስቡ። የተረፋችሁን ዋልካ፣ ያልተለየውንም ቢሆን፣ ሁለት እፍኝ ጨምሩበት። ትንሽ ጨው አድርጋችሁ ናጡና አሳድሩት። ጠዋት ከውሃው አንድ ጠብታ ሶፍት ላይ ጣሉ። ቀለበት ካለ አንድ እፍኝ ዋልካ ጨምሩና ድገሙት። ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ሲቀር ውሃውን አፍስሱ። ወይን ጠጅ የሆነውን ጭቃ አድርቃችሁ በፌስታል አሥራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ።